ነጭ ቀሚስ፣ የጠቆረ ፊት፦ የፎቶ ማስተካከያ አፖች ምን ያድናሉ፣ ምን ያበላሻሉ?

[ስክሪን፦ በቀትር ፀሐይ የተነሳ የሴት ፎቶ። የሀበሻ ቀሚሷ ያንጸባርቃል፣ ፊቷ ጠቁሯል።]

ይህን ፎቶ እዩት። በየቤቱ አልበም ውስጥ የዚህ ዓይነት ሞልቷል፤ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ የቀትር ፀሐይ፣ ጥላ ያረፈበት ፊት። ስልኩ ብርሃኑን በቀሚሱ ሲለካ ፊት ይጠቁራል፣ በፊት ሲለካ ደግሞ የቀሚሱ ሽመና ይጠፋል። የቤት ፎቶ ማስተካከያዎች የሚመሰገኑበትም የሚወቀሱበትም ነገር እዚህ አንድ ፎቶ ላይ ስላለ በእሱ እንጀምር።

የምንጠቀመው ስናፕሲድ የሚባለውን የስልክ አፕ ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 የገዛው ሲሆን ስልክ ላይ ለሚሠራ ሰው አሁንም መጀመሪያ የምንመክረው እሱን ነው። የአዝራሮቹ ቦታ ከስሪት ስሪት ሊለያይ ስለሚችል ስማቸውን ተከተሉ።

[ስክሪን፦ «ቱን ኢሜጅ» ሲከፈት፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት]

«ቱን ኢሜጅ» የሚለውን ንኩ። ጣታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትቱ የማስተካከያውን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ ወደ ግራና ቀኝ ስታንሸራትቱ መጠኑን ትቀይራላችሁ። «ሃይላይትስ» (ደማቅ ቦታዎች) ላይ ቁሙና ለሙከራ ያህል እስከ መጨረሻው፣ እስከ ነጌቲቭ 100 አውርዱት። አሁን ቀሚሱን አጉልታችሁ ተመልከቱ።

[ስክሪን፦ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን፤ በአንዱ የሽመናው ክር ይታያል፣ በሌላው ልሙጥ ግራጫ ነው]

በግራ በኩል ክሩ ብቅ ብሏል፣ የጥለቱም ጠርዝ ይለያል። ይህ ፎቶ ይድናል። በቀኝ ያለው ግን ነጩ ወደ ግራጫ ከመቀየሩ በስተቀር አዲስ የተቀባ ግድግዳ መስሎ ቀርቷል። እሱን የሚያድን አፕ የለም፣ የሚከፈልበትም ቢሆን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሦስቱም 255 ላይ ከደረሱ ያ ነጥብ ከጎረቤቱ በምንም አይለይም፤ ክሩ ፋይሉ ውስጥ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበን ነገር አፑ ከየት ያመጣዋል?

መፍትሔው ያለው ፎቶው ሲነሳ ነው። ስልኩ ላይ ቀሚሱን ንኩ፣ ብርሃኑን ትንሽ አውርዱ፣ ከዚያ አንሱ። ፊቱ ይጨልማል፣ ግን የጨለመ ፊት ከነጣ ቀሚስ በጣም በተሻለ ይመለሳል። ስልካችሁ ሮው (ካሜራው የመዘገበውን ሳያስተካክል እንዳለ የሚያስቀምጥ ፋይል) የሚያነሳ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ትርፍ አለ፤ በ12 ቢት የሚመዘግብ ሮው ለአንድ ቀለም 4096 ደረጃ ይይዛል። ዋጋው የማከማቻ ቦታ ነው፣ አንድ ፎቶ ከ20 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ለሁሉም ፎቶ አያስፈልግም።

ወደ ግራው ፎቶ እንመለስ። «ሃይላይትስ»ን ወደ ነጌቲቭ 40 መልሱት፣ «ሻዶውስ»ን (ጥላዎቹን) 25 አድርጉ። ከ50 በላይ አትሂዱ፤ ጨለማው ውስጥ የተደበቀው ኖይዝ፣ ያ የሚርመሰመስ ባለቀለም ነጠብጣብ፣ አብሮ ይወጣል። «አምቢያንስ» የሚለው ደግሞ ሲያዩት ያምራል፣ ሲበዛ ግን በሰውና በሰማይ መካከል ነጭ ጠርዝ ይተዋል።

[ስክሪን፦ «ሴሌክቲቭ» ነጥብ ጉንጭ ላይ ሲቀመጥ]

ለፊቱ «ሴሌክቲቭ»ን ክፈቱ። ጉንጯ ላይ አንዴ ንኩ፣ ነጥብ ይቀመጣል። በሁለት ጣት ስትዘረጉና ስትቆነጥጡ የሚሸፍነው ቦታ በቀይ ይታያችኋል፤ ከፊቷ ብዙ እንዳያልፍ አጥብቡት። ከዚያ «ብራይትነስ»ን ከ20 እስከ 30 ጨምሩ። መሣሪያው የተነካውን ቀለም የሚመስለውን ብቻ ስለሚፈልግ ብርሃኑ ወደ ነጩ ነጠላ ብዙም አይፈስም። አንገቷና እጇ ላይም የየራሳቸውን ነጥብ አስቀምጡ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ፊቷም ከሌላ ሰው የተዋሰችው ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። «አስውብ» የሚል አዝራር ያላቸው አፖች ፊትን «ብሩህ» ሲያደርጉ የሚሠሩት ይህን አይደለም። ብዙዎቹ ቆዳውን ያነጡታል፣ ቀዳዳውን ያለሰልሱታል፣ አፍንጫም የሚያቀጥኑ አሉ። ጥላን ማንሳት ሌላ፣ የሰውን መልክ መቀየር ሌላ። እነዚያን አፖች የምትጠቀሙ ከሆነ መጠኑን ወደ ዜሮ አውርዳችሁ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ሲከፈቱ ጀምሮ ተጨምሮበት ነው የሚጠብቃችሁ።

[ስክሪን፦ ከበስተጀርባ የቆመ ሚኒባስ በጣት ሲሰረዝ]

አሁን ስለ ማጥፋት። የስናፕሲድ «ሂሊንግ» ለብጉር፣ ለነጠብጣብና ሰማይ ላይ ለተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ጥሩ ነው። ብሩሹ ስክሪኑ ላይ መጠኑን ስለማይቀይር ትንሽ ነገር ለማጥፋት ፎቶውን አጉሉት፣ ከዚያ ንኩ። ሚኒባስ የሚያህል ነገር ስትሰጡት ግን ከአካባቢው ቀድቶ ይለጥፋል፣ ውጤቱም የተዝረከረከ ነው።

ለዚያ የጉግል ፎቶስ «ማጂክ ኢሬዘር» ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ያለ ክፍያ ተከፍቷል፣ ስልኩ ግን ቢያንስ 3 ጊጋባይት ራም ሊኖረው ይገባል። ሣር፣ አስፋልት፣ ሰማይ ላይ ይሳካለታል። የሚጠፋው ነገር የቀሚሱን ጥለት፣ የሰው ጣት ወይም የግድግዳ ጽሑፍ የሚነካ ከሆነ ግን ይቸገራል፤ የጠፋውን ቦታ የሚሞላው በግምት ነው። ጥለቱ ቅርጹ ይዛባል፣ የግዕዝ ፊደልም ፊደል የሚመስል ነገር ግን የማይነበብ ይሆናል። ሁልጊዜ አጉልታችሁ የነካችሁትን ጠርዝ ተመልከቱ።

[ስክሪን፦ «ሴቭ» እና «ሴቭ አዝ ኮፒ» የሚሉ አዝራሮች]

ከውበቱ ይልቅ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ሴቭ ሲደረግ ነው። ጄፔግን ከፍቶ ማየት፣ ከአቃፊ ወደ አቃፊ መገልበጥ ምንም አያበላሸውም። አስተካክሎ እንደገና ሴቭ ማድረግ ግን እንደገና ያጭቀዋል፣ በየዙሩም ትንሽ ይጎድላል። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ቀይና ጥቁር በሚገናኙበት ጠርዝና በለስላሳ ሰማይ ላይ ነው፤ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ። ስለዚህ ሁለት ልማድ ያዙ፦ ሁልጊዜ ከዋናው ፎቶ ጀምሩ፣ ሁልጊዜ ቅጂ አውጡ። ስናፕሲድ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ መጠኑን «ዱ ኖት ሪሳይዝ»፣ ጥራቱን 95 በመቶ አድርጉት። 80 በመቶ ለቲክቶክ ይበቃል፣ ለፎቶ ቤት አይሆንም።

ጉግል ፎቶስ በዚህ በኩል የዋህ ነው፤ ያስተካከላችሁትን ከዓመት በኋላም ቢሆን ወደ ዋናው መመለስ ይቻላል። ችግሩ ሌላ ነው። ነፃው 15 ጊጋባይት ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የጋራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ጀምሮም አዲስ ፎቶ ሁሉ ከዚያ ላይ ይቆጠራል። ሲሞላ ፎቶ መጫን ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ኢሜይልም አይገባላችሁም። የሥራ ማመልከቻ መልስ የምትጠብቁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

[ስክሪን፦ የተሰነጠቀ፣ ቢጫ የሆነ የጥቁርና ነጭ ፎቶ፤ ጊምፕ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ]

ስልክ የሚሸነፍበት ሥራ ይህ ነው፤ የአያት ፎቶ። እዚህ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ጊምፕ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ ነው፣ መልኩ ግን ለጀማሪ ፊቱን አይፈታም። የመጀመሪያውን ሳምንት ታገሱት።

ፎቶውን በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አንሱት፣ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም። ለምን በቀለም? ቢጫው እድፍ የሚውጠው ሰማያዊ ብርሃንን ነው። ስለዚህ ሰማያዊው ቻነል (የሰማያዊው ቀለም ድርሻ ብቻ) ላይ ጠቁሮ ይታያል፣ ቀዩ ላይ ግን ከናካቴው ላይታይ ይችላል። ጊምፕ ውስጥ «ሞኖ ሚክሰር»ን ክፈቱ፣ ቀዩን 1፣ ሌሎቹን 0 አድርጉ። ለሰዓታት የሚታሸው እድፍ ግማሹ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። በጥቁርና ነጭ ስካን ብታደርጉት ኖሮ ይህ ዕድል አይኖርም።

ከዚያ አዲስ ባዶ ሌየር (ፎቶው ላይ የሚነጠፍ ግልጽ ንጣፍ) ጨምሩና የሂል መሣሪያውን በ«ኤች» ቁልፍ ያዙ። «ሳምፕል መርጅድ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ ጥገናው ሌየሩ ላይ ብቻ ያርፋል፣ ዋናው አይነካም። ኮንትሮልን ይዛችሁ ንጹሕ ቆዳ ላይ ጠቅ አድርጉ፣ ከዚያ ስንጥቁን ቀቡ። ስንጥቁ ፀጉርና ግንባር በሚገናኙበት ሲያልፍ ሂል ጥቁሩን ወደ ግንባሩ ያደፈርሰዋል፤ እዚያ በ«ሲ» ቁልፍ ሳያዋህድ እንዳለ ወደሚገለብጠው ክሎን ተሻገሩ።

ሲያልቅ «ሴቭ» ስትሉ የሚወጣው የጊምፕ የራሱ ኤክስሲኤፍ ፋይል ነው፣ ስልክ አይከፍተውም። እሱን አስቀምጡት፣ ለመላክ «ኤክስፖርት አዝ» ብላችሁ ጄፔግ አውጡ። ጀማሪዎች «ፋይሉ አልከፍት አለኝ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

የደበዘዘ ፊት በአንድ ንክኪ «የሚያጠሩ» አፖችም አሉ። በትንሽ ፎቶ ላይ የአንድ ሰው ፊት 40 ፒክስል (የምስሉ ጥቃቅን ነጥቦች) ብቻ ከያዘ ዓይኗ ምን ይመስል እንደነበር ፋይሉ አያውቅም። አፑ ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማረው ዓይን ይሠራላታል። ያምራል፣ ግን አያታችሁ ላትሆን ትችላለች። አድርጉት፣ ግን ከዋናው ስካን ጋር አታቀላቅሉት፤ ስሙን ለይታችሁ አስቀምጡ።

ስለሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ባጭሩ። ላይትሩም በብዙ መቶ ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ብርሃን ለማስተካከል ተወዳዳሪ የለውም፣ የሠርግ ፎቶ ለሚሠራ ይገባዋል። ለቤት ሰው የስልኩ ነፃ ስሪት ይበቃል። ወደ ስልኩ ያልወጣ ማስተካከያ የሚኖረው አፑ ውስጥ ነውና ሳታወጡ አፑን አታጥፉ። ፎቶሾፕ ኤለመንትስ በአንድ ክፍያ የሚገዛ ነበር፤ ከ2025 ስሪት ወዲህ ግን ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በካርድ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ሆኖ መክፈል ራሱ አንድ ራስ ምታት ነው፣ ሰውም ወደ ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ ወደሚታደል ቅጂ) ይሄዳል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ሲጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የማን እንደሆነ እናንጃ። የፎቶሾፕን ፒኤስዲ ፋይል መክፈት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ፎቶፒ በብራውዘር ይከፍታል፣ ፋይሉንም ወደ ሰርቨር አይጭንም።

[ስክሪን፦ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ በሃያ ፎንት ተቀይሮ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት]

የበዓል ካርድ ስትሠሩ ሃያ ፎንት ቀያይራችሁ ጽሑፉ ንቅንቅ ካላለ ስልኩ አልተበላሸም። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ብቻ ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል ሲያጡ ስልኩ የራሱን ይተካል፣ ወይም ባዶ ሳጥን ያሳያል። የራስን ፎንት ማስገባት የሚፈቅድ አፕ ምረጡና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን ጫኑ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የጋራ ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት የተሠሩ የድሮ ፎንቶች እዚህ አይሠሩም።

ከውጭ አገር የዘመድ ፎቶ መጥቶ ዊንዶውስ አልከፍት ካለ ደግሞ አይፎን ከ2017 ጀምሮ የሚጠቀመው ሄይክ ፋይል ሊሆን ይችላል። ላኪው ካሜራ ቅንብር ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል»ን ይምረጥ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጄፔግ ይሆናል።

[ስክሪን፦ የስልክ ፎቶ ላይ የ10 በ15 መቁረጫ መስመር ሲያርፍ]

ማተም ስትፈልጉ ሦስት ነገር ይሳሳታል። አንደኛ፣ የስልክ ፎቶ 4 ለ 3 ነው፣ 10 በ15 ወረቀት ግን 3 ለ 2። 4000 በ3000 ፒክስል ከሆነ ከቁመቱ 333 ፒክስል መቆረጥ አለበት። እናንተ ካልቆረጣችሁት የፎቶ ቤቱ ማሽን ይቆርጠዋል፣ የሚሄደውም የረጅሙ ሰው ግንባር ነው። ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ «ፎቶ» ብላችሁ በተለመደው መንገድ ስትልኩ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ለ10 በ15 ያልፋል። ለኤ4 በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ስለሚያስፈልግ ይደበዝዛል፤ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ።

ሦስተኛው የስክሪን ጉዳይ ነው። የዓይን መከላከያው ቢጫ ብርሃን ከበራ ፎቶውን ሳታውቁት ወደ ሰማያዊ ታዞሩታላችሁ፤ አጥፉት። ብርሃኑን ደግሞ ግማሽ ላይ አድርጉ፣ በሙሉ ብርሃን የተስተካከለ ፎቶ ሲታተም ጨልሞ ይወጣል። ብዙ ፎቶ የምታሳትሙ ከሆነ አንዱን በሦስት ቅጂ አውጡት፤ አንዱን እንዳለ፣ አንዱን «ብራይትነስ» 10 ጨምራችሁ፣ አንዱን 20። የፎቶ ቤቱን ሠራተኛ የማሽኑን ራስ ሰር እርማት እንዲያጠፋው ጠይቁት፣ ሦስቱንም አሳትሙና ውጭ በቀን ብርሃን እያያችሁ የተሻለውን ምረጡ። የቀሩትን በዚያው ልክ አስተካክላችሁ እዘዙ።