ለአንድ ሥራ ሁለት ክፍያ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ከከሚሴ አካባቢ መጥቼ በልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። አብረውኝ የገቡት ደረጃቸው አድጎ ደመወዝ ተጨመረላቸው፤ እኔን ግን አለቃዬ «መጀመሪያ አማርኛሽን አስተካክዪ» ይለኛል። የትርፍ ሰዓት ክፍያዬም የጎደለ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህታችን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 በብሔር ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ጉዳዩ የሚወድቀው ማስረጃ ላይ ነው። «በብሔሬ ተበደልኩ» ብቻ ካልሽ «ችሎታ አንሷት ነው» ይሉሻል። ስለዚህ ካንቺ ጋር በአንድ ወር የተቀጠረች፣ በአንድ ዓይነት መኪና የምትሰፋ ባልደረባሽን አግኝተሽ፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ የሁለታችሁን ደመወዝና የቀን ምርት ጎን ለጎን አስቀምጪ። አለቃሽ የተናገረውን በዚያው ዕለት ከነቀኑና ከነሰሚዎቹ ጻፊው። ለመስፋት የአማርኛ ቅልጥፍና አያስፈልግም። የጠየቅሽው የመስመር መሪነት ከሆነ ግን ክርክሩ ይከብዳል።

የትርፍ ሰዓቱ ሂሳብ ነው። ደመወዝሽ 4,160 ብር ቢሆን በወር ለሚሠራው 208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ይሆናል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ትርፍ ሰዓት 30 ብር፣ ከዚያ እስከ ንጋት 35፣ በሳምንት ዕረፍትሽ 40፣ በሕዝብ በዓል 50 ብር ይከፈልሻል። ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅሽ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ከወለጋ ተፈናቅዬ ግንባታ ላይ በቀን ሥራ እኖራለሁ። ከአገሬው ሰው ያነሰ ነው የሚሰጠኝ፤ የፈረምነው ውልም የለም።

መልስ፦ የቃል ውልም ውል ነው፤ በምስክር ይረጋገጣል። በግሉ ዘርፍ በሥራ ላይ የዋለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ «አነሰኝ» ማለት ብቻውን አያዋጣም። የሚያዋጣው ከእርስዎ ጋር ብሎኬት የሚሸከመው ሰው ስንት እንደሚወስድ ማሳየት ነው። መጀመሪያ ግን የሚፈርሙበትን የክፍያ ዝርዝር ያንብቡ፣ ካልቻሉም ያስነብቡ። በስምዎ አንጻር ያለው ብር ከሌሎቹ እኩል ሆኖ እጅዎ የገባው ካነሰ፣ ልዩነቱን የሚወስደው ፎርማኑ ወይም ደላላው ሊሆን ይችላል፤ አቤቱታውም ሌላ መልክ ይይዛል። ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ያመልክቱ፣ ካልሆነ ወረዳ ፍርድ ቤት ይክሰሱ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም።

ጥያቄ፦ ብናገር ብባረርስ?

መልስ፦ በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይደለም፤ የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 26 ይህን ይላል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርበው ክስ ግን ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። የስንብት ደብዳቤ ሲቀበሉ የተቀበሉበትን ቀን በእጅዎ ይጻፉ። «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ።