ካርዱን የሚያነሣው ማን ነው? በንግግር ክበባችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የክበባችን መሥራቾችና አባላት፣ «እስቲ ምን እንደምትሠሩ ልይ» ብላችሁ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ጊዜ ጠባቂያችን ሦስት ካርዶች ይዛ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አረንጓዴው በአምስት ደቂቃ፣ ቢጫው በስድስት፣ ቀዩ በሰባት ይነሣል። ለሊቀ መንበር የሚመረቅ ደቂቃ ስለሌለ የምስጋናውን ዝርዝር ለጸሐፊያችን ትቼ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ወደዚህ ክበብ የሚመጣ ሰው የሚያቀርበው ምክንያት ብዙም አይለያይም። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ቀን ተቆርጦለታል። ሌላዋ የክፍል ኃላፊ ሆና ተሹማ ስብሰባ መምራቱ ጭንቅ ሆኖባታል። ሌላው ደግሞ ሽማግሌ ተብሎ ልጅ ሊጠይቅ ይላካል፤ ከደጃፉ ሲደርስ የሚለው እንዳይጠፋው ከወዲሁ ያልበዋል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እናውቀዋለን። ትልቅ ሰው ባለበት አፍህን ዝጋ፣ አፍሽን ዝጊ እየተባልን ነው ያደግነው። «ዝም አይነቅዝም» ያለን ሰው ምክር ከልቡ ነበር።

ይሁን እንጂ የአንደበት ነገር ለአገራችን እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ባለጉዳዩ ነጠላውን አጣፍቶ ዳኛው ፊት ይቆማል፤ በማርና በበቅሎ እየተወራረደ፣ ነገሩን በግጥም እየቋጠረ ይከራከራል፤ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ለዛውን ያደምጣል። ከውጭ የመጣልን ሰዓቱና የአስተያየት ሰጪው ወንበር ነው። ዛሬ ቶስትማስተርስ የሚባለውንና እኛም ሥርዓቱን የምንከተለውን ክበብ የጀመሩት ራልፍ ስሜድሊ የወወክማ፣ ማለትም የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ሠራተኛ ነበሩ፤ ወወክማን መቼም የአዲስ አበባ ልጅ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1924 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንታ አና ከተማ፣ በወወክማ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ወጣቶቹ ተራ በተራ ይናገራሉ፣ ተራ በተራ ስብሰባውን ይመራሉ፣ አንዱ ለሌላው አስተያየት ይሰጣል። ሴቶች በአባልነት እንዲገቡ የተፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እኛ ጋ ዛሬ ሴቶቹ ተነሥተው ቢወጡ ጉባኤው እዚሁ ላይ ይበተናል።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ በዚያ «ተራ በተራ» ላይ ነው። ንግግሩን አቅርቦ፣ ጭብጨባውን ተቀብሎ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚወጣ አባል አንደበቱን ያፍታታ ይሆናል፤ መሪነትን ግን ከዚህ ቤት ይዞ አይሄድም። መሪነቱ የሚገኘው ማንም ከማይሻማባቸው ሥራዎች ነው፤ ጊዜ ከመጠበቅ፣ ከማስተዋወቅ፣ ከሁሉም በላይ አስተያየት ከመስጠት።

በሙያዋ የሒሳብ ባለሙያ የሆነች አንዲት አባላችን የመጀመሪያ ንግግሯን ያቀረበችበትን ምሽት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እጇ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ወረቀቱ ማይክሮፎኑን እየነካ ሲንኮሻኮሽ ከኋላ ወንበር ይሰማ ነበር። ስትጨርስ አስተያየት ሰጪው ተነሣ። ለእርሱ የተፈቀደለት ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ነው። «ጎበዝ፣ በርቺ» ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን እንዲህ አላት፦ «እናትሽ በሱቁ ደብተር ላይ ዱቤ እንዴት እንደሚጽፉ ስትነግሪን ወረቀቱን ረሳሽው፤ እጅሽም አረፈ። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ጀምሪ።» ይህን ለማለት ሰውየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል ዓይኑን ከእርሷ ሳይነቅል ማዳመጥ ነበረበት። ስንቶቻችን በየመሥሪያ ቤታችን ግምገማ አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠን «ድክመቴን ተቀብያለሁ» ብለን ወጥተናል! ነገ ጠዋት ምን ለውጠን እንደምንጀምር ግን የነገረን አልነበረም። ሰውን ሳያሸማቅቁ እውነቱን መንገር የሚችል አለቃ ብርቅ ነው፤ እዚህ ግን በየሳምንቱ እንለማመደዋለን።

«ያው»፣ «እንትን»፣ «ማለት ነው» የምንለውን ስለሚቆጥረው አባልም አንድ ነገር ልበል። ሰው ሁሉ ይስቅበታል። የእርሱ ቆጠራ የሚያስተምረን ቃል ሲጠፋን ዝም ብሎ መቆምን ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ተቀበሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ጸጥ ብለው ጠበቁ፤ ከዚያም በአማርኛ መናገር ጀመሩ። በዚያ ሰዓት አፋቸውን የሚያስከፍት ብዙ ነገር ነበር።

በአማርኛ ካልን ዘንድ፣ ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬው ጉባኤ የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህንኑ ይመለከታል፤ ከሁለት ስብሰባዎቻችን አንዱ በአማርኛ እንዲካሄድ እንጠይቃለን። እንግሊዝኛ ለመለማመድ የመጣችሁ ቅር እንደምትሰኙ አውቃለሁ፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንደሚያስፈልጋችሁም አይጠፋኝም። ነገር ግን የእድር ስብሰባ በእንግሊዝኛ አይመራም። አንድ አባላችን በሚኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ተመርጧል። ነዋሪው ለውኃ መሳቢያው ሞተር መዋጮ ሲሰበሰብ እስኪመሽ ተጨቃጭቆ የሚበተን ነበር። እርሱ ያደረገው ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ መስጠት፣ ከሁሉም በላይ የሚጮኹትን ጎረቤት ደግሞ ሰዓት ጠባቂ ማድረግ ነው። ሞተሩ ተገዝቷል።

አዲስ ለምትገቡ፣ ፍርሃቱ ይለቃችኋል ብዬ አልዋሽም። አብራችሁት መቆም ትለምዳላችሁ። የመጀመሪያው ንግግር ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ርዕሱም እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምሽት ካርድ ያዙ። በእጃችሁ ባለው ቀይ ካርድ የተነሣ ትልቅ ባለ ሥልጣን ዓረፍተ ነገሩን ሲያሳጥር ማየት የራሱ ትምህርት አለው።

ቀጥሎ የሒሳብ ሪፖርት እንሰማለን፤ በቋንቋው ጉዳይ ድምፅ እንሰጣለን፤ ከዚያም አዲስ ሥራ አስፈጻሚ እንመርጣለን። ስትጠቆሙ «እኔስ ይቅርብኝ፣ እገሌ ይሻላል» የምትሉትን ልማድ ለዛሬ ተዉልኝ፤ የማትፈልጉ ከሆነ አንድ ጊዜ በግልጽ «አልፈልግም» በሉና እንለፍ።

ጉባኤው ተከፍቷል። የሒሳብ ሹማችን፣ ሪፖርትዎን ይዘው ወደዚህ ይምጡልን።