ለእጄ የተለካ እንጨት

እሺ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር ያሰብኩት። ግን ይሄ ለእጄ ተለክቶ የሚሠራ የእንጨት የሽጉጥ እጀታ ነገር፣ ላሠራው አላሠራው የሚለው፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ስድስት ጎራሿን ሽጉጤን ታውቋታላችሁ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰኗን፣ 686ቷን። እጀታዋ ጎማ ነው፤ ጎማው ምንም አልበደለኝም። 357 ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት ስትተኩስ ምቱ ክንድህ ድረስ ይሰማሃል። ጎማ ከዚያ የተወሰነውን ይውጥልሃል። እንጨት አይውጥም። ግን እንጨቱ ልክህ ከሆነ ምቱን መዳፍህ ላይ ያሰራጨዋል፣ አንድ ቦታ ላይ አይቆልልብህም። ከቃታው ቀለበት በስተኋላ ክፍተት አለች አይደል? የመሃል ጣትህን አንጓ የምትመታው እሷ ናት። ጥሩ ሠሪ ያቺን ይሞላታል። ስለዚህ «ለውበት ብቻ ነው» ለምትሉኝ፣ አይደለም። እርግጥ ውበቱም አለ። በጣም ያምራል።

ዋጋው 320 ዶላር ነው። ለሁለት ቁራጭ እንጨትና ለአንዲት ብሎን። ፋብሪካ የሠራው የዋልነት እንጨት እጀታ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ይሄንን ሳስበው ነገሩ ያለቀ ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እመለሳለሁ።

ሻንቲሊ፣ ቨርጂኒያ፣ ጋን ሾው ላይ ነው፣ የጦር መሣሪያ ገበያው ላይ። እኔና ባለቤቴ ነን። ሠሪው ፀጉራቸው የነጣ ሰውዬ ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። «እጅህን ዘርጋ» አሉኝ። ነጭ ወረቀት ላይ እጄን አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩት። እርሳሱ በጣቶቼ መሃል ሲገባና ሲወጣ፣ ልጅ ሆኜ ልብስ ሰፊው ለእንቁጣጣሽ ሲለካኝ የነበረው ስሜት መጣብኝ። አንድ ሰው ለአንተ ብቻ ሲጠነቀቅ... ደስ ይላል። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ሌላ የሚተኩስባት ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ወደሷ ዞርኩ። ምንም አልተናገረችም። እጇን አምጥታ ወረቀቱ ላይ፣ የኔ መስመር ውስጥ አስቀመጠችው። መዳፏን ከመዳፌ ጋር አስተካከለች። ጣቶቿ በአንድ አንጓ ያህል ከመስመሩ አጠሩ። ሰውዬው አዩና አስረዱን። ዋናው ከእጀታው ጀርባ እስከ ቃታው ያለው ርቀት ነው። እንጨቱ የጀርባውን ብረት ከሸፈነው ርቀቱ ይረዝማል። ብረቱን ክፍት ከተወው ያጥራል። «ለእሱ እጅ ከሞላሁት» አሉ፣ «አንቺ ቃታውን የምትደርሺበት በጣትሽ ጫፍ ነው።» በጣት ጫፍ ደግሞ መከራ ነው። መዶሻው፣ ከኋላ ያለው መቺ ብረት፣ አስቀድሞ ሳይነሳ ቃታውን ስትስብ ከ5 ኪሎ በላይ ነው የምትጎትተው። ጣትህ በደንብ ካልያዘው ሽጉጧ ወደ ጎን ትሄድብሃለች።

እሷም «ለሱ ይሁን» አለች። ይቺን ብቻ። አለችና ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ሄደች።

እንዴት ብላ ነው ያለችው? ይሄንን ነው የማላውቀው። ተናድዳ አይደለም፣ ንዴቷን አውቀዋለሁ። እንደ ስጦታም አልነበረም። ድምጿ ልክ ሱቅ ውስጥ «የትኛውን ዳቦ ልግዛ» ስላት እንደምትመልስልኝ ነው። ግን እጇን ከወረቀቱ ላይ ስታነሳ ትንሽ ቆየች። ወይ እኔ ነኝ አሁን ያስቆየኋት...

እንጨቶቹን ብታዩ ግን! ዋልነት አለ። ኮኮቦሎ አለ፣ ቀይ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ሥር የሚሮጥበት። ኮኮቦሎ ዱቄቱ ቆዳ ያሳክካል፣ ሠሪዎቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ነው የሚፍቁት። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የዛፉ ወገን በሙሉ በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል፣ ከአገር አገር እንደልብ አይሄድም። ዞጲም አለ። «ወይራስ አለዎት?» አልኳቸው። አወጡልኝ። የሜዲትራንያኑ ነው፣ የኛ አይደለም። አሸተትኩት። እናቴ የወተት ዕቃ የምታጥንበት ወይራ... አልሸተተኝም። ዘይት ተቀብቷል። ግን መልኩ፣ ያ ቢጫና ቡናማው ሲተላለፍ... ከዚያ በኋላ ዋልነቱን አላየሁትም።

አጎቴ ምንሽር ነበረው። ከአያቴ ነው የወረሰው። ሰደፉ ከእጅ ብዛት እንደ መስታወት ለስልሶ ነበር። ለማንም እጅ አልተለካም። የያዘው ሁሉ ለመደው። ለኔ ብቻ የተቀረጸውን እጀታ ማን ይወርሰዋል? ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም። ጫማ ስገዛ እንዲህ አላስብም።

ግን ጫማዬን እሷ አታደርገውም። የማታ ፈረቃ መሆኔን ታውቃላችሁ። እኔ ስወጣ ያቺ ሽጉጧ የሚቆለፍባት ሳጥን የማን ናት? ቁጥሩን የምታውቀው እሷ ናት፣ ልጆቹም ከሷ ጋር ናቸው። ኢላማም ብትሉ ከኔ የተሻለች ናት፣ 38 በሚባለው፣ እዚቺው ሽጉጥ ውስጥ በሚገባው ለስለስ ያለ ጥይት ስትለማመድ ወረቀቷን አይታችሁ ቢሆን! አንድ ጓደኛዬ «እጀታውን ቀያይረው፣ አንድ ብሎን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ማነው በሌሊት ብሎን የሚፈታው?

ክፍት ጀርባውን ባሠራውስ? ለሷ ይመቻል፣ እኔም እለምደዋለሁ። ግን ያኔ 320 የምከፍለው ለምኑ ነው? የፋብሪካው መች አነሰኝ... አይ፣ ወይራው ግን። ወይራውን ከፋብሪካ አላገኘውም።

ወረቀቱ እሳቸው ጋር ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ደውል ብለውኛል። ትናንት ልጠይቃት ነበር፣ «ያኔ ለሱ ይሁን ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» ልላት። ከዚያ ስልክ ተደወለላት። ዛሬ ደግሞ ብጠይቃት ከኔ ጋር ቆይቶ የከረመ ነገር ይመስልባታል፣ ቆይቶም ነው... ወይም ሳልጠይቅ የሷን እጅ ለክተው እንዲሠሩት ብነግራቸውስ? ግን ለሱ ይሁን ብላለች እኮ። ብላለች። እ... እስኪ፣ ቆይ፣ ልጁ ተነሳ መሰለኝ።