ሁለት ነጠላ አልጋ

(በ20ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ምሳ ላይ የተደረገ ንግግር)

አባቶቼና እናቶቼ፣ ሚዜዎቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ ልጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት ተወዳድሬ አይደለም። ባለቤቴ «ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስናገር ነው የምውለው፤ እሑድ እንኳን ልረፍ» ብሎ ወረቀቱን ለኔ ሰጠኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ታውቁታላችሁ። ውጭ ይናገራል፣ ቤት ያደምጣል። ማድመጡንም የማምነው ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ብቻ ነው።

የተጋባነው ጥር 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። እሑድ ነበር። ከመካከላችሁ ድንኳን የተከለ አለ፣ ወጥ ያማሰለች አለች፣ ለሚዜነት ሱፍ የተበደረም አለ። ስሙን አልጠራም። ሙሽራው ያን ጊዜ «ጫጉላችንን ሐዋሳ ነው የምናሳልፈው» ብሎ ቃል ገባልኝ። ማክሰኞ ጠዋት ግን የፈተና ወረቀት ሊያርም ትምህርት ቤት ሄደ። ለክረምት ይሁን ተባለ። ክረምት ሲመጣ ትልቋ ልጃችን ሆዴ ውስጥ ነበረች። ከዚያ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ መጣ። ከዚያ የእማማ ሕመም። እማማ፣ እርስዎን እየወቀስኩ አይደለም። ይኸው ድነው ከፊት ተቀምጠዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብቻ እንዲህ እንዲህ እያለ 20 ዓመት ሄደ።

ዘንድሮ እቁብ ወጣልኝ። ፍሪጃችን አርጅቷል፤ በሩን በላስቲክ አስረን ነው የምንዘጋው። እህቴ «ፍሪጅ ግዢበት እንጂ፣ በዚህ ኑሮ ውድነት ሐይቅ ዳር ሄዶ ብር መበተን ምን የሚሉት ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ለሐዋሳ ወሰንኩ። ፍሪጁ ላስቲኩን እንደታጠቀ አለ፤ ዛሬ ለስላሳው ያልቀዘቀዘላችሁ ለዚህ ነው።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በቪትዛችን ወጣን። ልጆቹ እህቴ ጋ ናቸው። እስከ ሞጆ ድረስ ስለ ልጆችና ስለ ወጪ ላናወራ ተስማምተናል። ቃሊቲን ሳናልፍ «ትንሹ ጃኬቱን ለብሶ ይሆን የተኛው?» አልኩት። ከዚያ ዝም አልን። አያችሁ፣ ልጆቹና ወጪው ሲወጡ የቀረን ወሬ አልነበረም። ይህን ስናገር ትንሽ አፍራለሁ። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ያወራነው ስለ ጎማው ንፋስ ብቻ ነው።

መቂ ሀብሀብ ገዛን። ባቱ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። እዚያ ነው ሰውየው አፉን የከፈተው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ትልቅ ሐይቅ እንደነበሩ ነገረኝ። አየሩ እየደረቀ ሲመጣ ውሃው ሸሸና አራት ሆነው ቀሩ። ዝዋይ ሲያዩት ባሕር ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 9 ሜትር ገደማ ነው። ሻላ ደግሞ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ሰማሁት።

«ይህን ሁሉ 20 ዓመት ለማን ነበር የምትነግረው?» አልኩት።

«ለዘጠነኛ ክፍል» አለኝ።

እኔ ዝዋይ ነኝ። ያለኝ ሁሉ ወዲያው ይታያል። እሱ ሻላ ነው። ሻላ ጨዋማም ነው፤ እሱን እማማ ቢነግሯችሁ ይሻላል።

ሐዋሳ ረፋዱ ላይ ገባን። የሆቴሉን ስም ተዉት። በስልክ ክፍል ይዘን ነበር። በሩን ስንከፍት ሁለት ነጠላ አልጋ ግራና ቀኝ ተቀምጧል፤ መሀሉ ላይ አንድ ኮመዲኖ። ወርጄ ጠየቅሁ። እንግዳ ተቀባይዋ «ውይ እናቴ፣ ጥር አይደል፣ ሰርገኛ ሞልቶብን ሌላ ክፍል የለም» አለችኝ። ከዚያ ባለቤቴን አየት አደረገችና «ወንድምሽ አይደለም እንዴ?» አለች። ኮመዲኖውን ገፍተን አልጋዎቹን አጋጠምናቸው። ተጋጠሙ ስንል እንግዲህ በዓይን ነው።

ወደ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ወረድን። ያንን የሐይቁን ዳርቻ የሐዋሳ ሰው እንዲያ ነው የሚጠራው። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ልትገባ ነው። የጥር ቅዳሜ ስለሆነ ዳርቻው በቬሎ ነጭ ሆኗል። እኛም አንድ ጥሩ ድንጋይ አግኝተን ተቀመጥን። ወዲያው አንድ የቪዲዮ ልጅ መጣና «እናትና አባት፣ ከካሜራው ዞር በሉልኝ፤ ሙሽሮቹ እዚህ ነው የሚቆሙት» አለን። እኔ ልነሳ ነጠላዬን ሰበሰብኩ። ባለቤቴ ግን እጄን ያዘና «እኛም ሙሽሮች ነን፤ ተራችንን ጠብቀን ነው የመጣነው» አለው። በትዳር ዘመናችን ለወንበር እንኳን ተከራክሮ የማያውቅ ሰው! ልጁ ሳቀ። ሙሽሪት ሳቀች። ሚዜዎቹ ከበው አጨበጨቡልን። ከማናውቃቸው ሙሽሮች ጋር የተነሳነው ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፤ ከምሳ በኋላ አሳያችኋለሁ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ድም የሚል ነገር ሰማሁ። መብራት ሳበራ ባለቤቴ የለም። አልጋዎቹ ተለያይተው መሀላቸው ገብቷል። የሚታየኝ አንድ እጁ ብቻ ነው። ላወጣው ስሞክር ሳቅ ያዘኝ። እሱም ከታች ሆኖ ይስቃል። የጎን ክፍል ሰዎች ግድግዳ እስኪመቱ ድረስ ሳቅን። እንዲያ የሳቅነው መቼ እንደነበር ሁለታችንም ማስታወስ አልቻልንም።

እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል ሄድን። ያልሄዳችሁ ሂዱ፤ ግን በጠዋት ነው። ጀልባዎቹ ሌሊት የያዙትን ዓሣ ያራግፋሉ። ወጣቶቹ ቆሮሶውን እየገፈፉ ይበልታሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መላጣቸውን አስግገው እንደ እድር ሽማግሌ ቆመው ይጠብቃሉ። የእድራችን ሊቀመንበር ይቅርታ። ትኩስ የዓሣ ሾርባ በዳጣ ጠጣን። አንዳንዱ ጥሬውን ይበላል። እኔ አልደፈርኩም።

ከዚያ ጀልባ ተከራየን። የሆነውን ልንገራችሁ፤ የጂኦግራፊ መምህሩ ውሃ ይፈራል! ስለ ሐይቅ ሲያስተምር ኖሮ ጀልባ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጦ አለቀቀም። ፍርሃቱን ለመርሳት ይሁን እንጃ፣ ደግሞ ማስተማር ጀመረ። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ እዚህ ሐይቅ ይገባል። የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንደ ደንቡ ከሆነ ጨው ሊሆን ይገባ ነበር፣ እንደ ሻላ። ግን አልሆነም። ምሁራኑ ውሃው ከመሬት በታች እየሰረገ ይወጣል ነው የሚሉት አለኝ።

ከዚያ ዝም አለ። ባለ ጀልባው ጉማሬ ፍለጋ ሸምበቆ ሸምበቆውን ያያል።

«ያኔ ያልመጣነው በፈተና እርማት አይደለም» አለኝ ባለቤቴ። «የሰርጉ ዕዳ ነበረብኝ። ከፍዬ የጨረስኩት በ2001 ነው።»

አራት ዓመት ማለት ነው። አበዳሪው እዚህ ተቀምጠዋል፤ ቀና በሉ ጋሼ፣ አልተቀየምኩም። እኔም በተራዬ ነገርኩት። ዕዳውን አውቅ ነበር። ትልቋን በወለድኩ በሦስተኛው ወር ኮቱን ሳጥብ ከውስጥ ኪሱ ወረቀቱን አገኘሁት። አንብቤ፣ አድርቄ፣ መልሼ ኪሱ ከተትኩት። እሱ እንዳልጨነቅ ደበቀኝ፣ እኔ እንዳያፍር ደበቅሁት። ለካ በየጓዳችን አንዱን ዕዳ ሁለት ቦታ ስንከፍል ነበር። ያን ጊዜ ሥጋ ስቀንስ «ዘንድሮ ጾም አብዝተሻል» ይለኝ ነበር።

ነጠላዬን ለቀቀና እጄን ያዘ። ጉማሬውን ሳናይ ተመለስን። ባለ ጀልባው በጣም አዘነ። ሒሳብ ሊቀንስልን ሁሉ ፈልጎ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ሻሸመኔ ላይ ልጆቹ ደወሉ። ፍሪጁ ሙሉ በሙሉ ቆሟል። እህቴ ስልኩን ተቀብላ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ እዚህ አልደግመውም።

አንድ ማስታወቂያ አለኝ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ዘንድሮ ጥር 15 የዋለው ሐሙስ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት እኔና ባለቤቴ በረንዳ ላይ ሻይ እንጠጣለን። ስልክ አናነሳም። ልጆቼ፣ እራታችሁን አሙቃችሁ ብሉ። የእቁብ ሰብሳቢያችን፣ ሐሙስ አትምጪብኝ። ቤት እሳት ካልተነሳ በቀር ማንም እንዳያንኳኳ። ባለፈው ሐሙስ ስለ ጣና ነግሮኛል። ገና አልጨረሰውም።

በሉ ዶሮው እንዳይቀዘቅዝ፤ አባታችን፣ ይባርኩልን። ልጆች፣ የእጅ ውሃ አምጡ።