«ምን አሞኝ ልናገር?»

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ከድሬዳዋ ነኝ። ዛሬ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ላወጋችሁ ነው።

ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችን። ወር አበባዋ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ይታያት ጀመር። ጨርቋን ማታ አጥባ ታሰጣለች፤ በድሬ ሙቀት እስኪነጋ ይደርቃል፤ ሰው ሳይነሣ ታነሣዋለች። ልጇ የደረሰችበት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ብትላት፣ «ምን አሞኝ ልናገር?» አለቻት። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያብከነክነኛል፤ እውነቷን ነበርና።

በሽታው ሲጀምር አያምም። መነሻው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ሰውነትም ብዙውን ጊዜ ራሱ ያስወግደዋል። ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴትም ትያዛለች፤ ስለዚህ እባካችሁ ማንንም በዚህ አትሙ። ሳይወገድ የቀረው ካንሰር እስኪያስከትል ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ኤችአይቪ በደሟ ባለ ሴት ግን ይፈጥናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ይኸኛው ግን ከባለቤቱም ይደበቃል።

ምርመራው የሚያስፈራሽ እህቴ፣ የሚሆነውን ልንገርሽ። ነርሷ የማኅፀንሽን በር በመሣሪያ ከፍታ ታያለች። በጥጥ የቀጠነ አቼቶ ትቀባዋለች፤ ያው ሰላጣ ላይ የምናደርገው ዓይነት ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛው ክፍል መልኩን አይለውጥም፤ የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጥቶ ይወጣል። ያ ነጭ ቦታ ገና ካንሰር ካልሆነ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን። ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ ምንም ሳያምሽ ሂጂ። ኤችአይቪ ካለብሽ ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ከግንኙነት በኋላ ወይም ወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ካየሽ ግን ዕድሜ አትቁጠሪ። የሰፈርሽ ጤና ጣቢያ የሚያውቅሽ ሰው በዝቶ ካሳፈረሽ፣ ከከዚራ ተነሥተሽ ሳቢያን ብትሄጂ ማን ይከለክልሻል?

ለሴት ልጆቻችን ደግሞ ክትባት አለ፤ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። «ገና ልጅ ናት» ለምትሉ እናቶች፣ የሚበጀው ቫይረሱን ሳታገኘው ስትከተብ ነው። የተከተበችም አድጋ መመርመር አለባት፤ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት ቫይረስ አይከላከልም።

አንድ ነገር ለባሎች። በቅዝቃዜ የታከመች ሴት ለሳምንታት ውኃ መሳይ ፈሳሽ ይኖራታል፤ ቁስሉ እስኪድን አንድ ወር ያህል ከግንኙነት መታቀብ አለባት። ይህን ለባሏ መንገር ፈርታ ሕክምናውን የምታዘገይ ሴት አለች። እርስዎ ቀድመው «ሂጂ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» ይበሏት።