ጣቱ ሞቷል

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናብ ይዞታል፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ይቅርታ።

ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው። ጋንግሪን። እኛ ቤት የገባው ባለፈው ዓመት ነው፣ በአጎቴ እግር በኩል።

ጋሼ ነው የምላቸው። ስኳር ከያዛቸው ሃያ ዓመት አልፏል። አንድ ቀን ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ ቆርኪ ዱብ አለ። የቢራ ቆርኪ! ቀኑን ሙሉ ረግጠውት ውለዋል፣ አልተሰማቸውም። እኛ ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ። አሁን ሳስበው ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ ደም ስሩንም ያጠባል። ስለዚህ ቁስሉ አያምም፤ ለመዳን የሚያስፈልገው ደምም እንደልቡ አይደርሰውም።

ከዚያ የቤት ሕክምና ተጀመረ። ሙቅ ውሃ በጨው። የውሃውን ሙቀት የሚለኩት ደግሞ በዚያው በደነዘዘ እግር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ትንሿ ጣታቸው ጠቆረች።

ሐኪሙ አየና «ጋንግሪን ነው» አለ። የሚገርማችሁ፣ ሁላችንንም ቀለል አለን። ስም ያለው በሽታ መድኃኒት አያጣም ብለን ነዋ! አክስቴ ወዲያው ስልኳን አወጣች። ሜሪላንድ ላለችው ልጇ ደውላ የጋንግሪን መድኃኒት ልታስልክ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። «አባባ፣ ጋንግሪን ማለት እኮ ጣቱ ሞቷል ማለት ነው» አላቸው።

ክፍሉ ጭር አለ። ጋሼ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው። ጣታቸውን ትንሽ አዩትና፣ «ከሞተማ እድሩ ይክፈላ!» አሉ።

ልጁ ቀጥሎ ያለው ነገር ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው አለ። ደም የማይደርስበት ሥጋ ላይ ክኒኑም መርፌውም አይደርስም። በሕይወት ያለውን የእግሩን ክፍል ማዳን ይቻላል። የሞተውን ግን ማንም አይመልሰውም። ለካ እኛ ቃሉን የወደድነው ስላልገባን ነው። «ሞቷል» ቢለን ኖሮ አክስቴ ስልክ ባላነሳች።

ቤት ስገባ ማንበብ ጀመርኩ። ለሥጋ መሞት ሰፊው ቃል ኔክሮሲስ ነው፤ መነሻው ኔክሮስ የሚለው የግሪክ ቃል ነው፣ ሬሳ ማለት ነው። የልብ ጡንቻ ደም ተቋርጦበት ሲሞት እሱም ኔክሮሲስ ነው። ልቡን ጋንግሪን ያዘው የሚል ሰው ግን የለም። ጋንግሪን የሚሉት ብዙ ሥጋ ባንድ ላይ ሲሞት ነው፤ በብዛት እጅና እግር ላይ፣ አንዳንዴም የተጠማዘዘ አንጀት ላይ። ደረቅም እርጥብም አለው። ደረቁ ቀስ እያለ ይጨማደዳል፣ ልክ እንደ ቋንጣ። እርጥቡ ጀርም የገባበት ነው፤ ያብጣል፣ ይሸታል፣ በፍጥነት ይዛመታል፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጠውም። የጋሼ ደረቅ ነበር፤ ግን ዳር ዳሩ እርጥበት ስለጀመረው ጣቱን ቶሎ ቆረጡት።

ጋንግሪን የሚለውም ከግሪክ የመጣ ነው። እንዲያውም ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 2፥17 ላይ አለ፤ የሐሰት ትምህርት ስለሚያስተምሩ ሰዎች በተነገረበት ቦታ። የቆየው አማርኛ ትርጉም «ጭንቁር» ብሎታል። ጭንቁር! እንዲህ ያለ ቃል እያለን ምነው ረሳነው? አክስቴ ጭንቁር ብትባል ኖሮ የምትደነግጥ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከስኳር ጋር አይገናኝም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ የሰዎች እግር እየጠቆረ ይሞት ነበር። ስኳርም ቁስልም አልነበረም። ነገሩ የነበረው እህሉ ውስጥ ነው። ከገብሱ ጋር አብሮ የሚበቅለው ሲናር ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ይዞት ነበር። ፈንገሱ የእህሉን ፍሬ ወደ ጥቁር፣ ረዘም ያለ ነገር ይቀይረዋል፤ የአይጥ ኩስ ነው የሚመስለው። አብሮ ተፈጭቶ ሲበላ ደም ስርን ያኮማትራል። ደም ሳይደርስ ሲቀር ጣት ይሞታል። በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥም በተበከለ ገብስ የተነሳ ይኸው ነገር ተከስቷል። እዚያ «የጋንግሪን መድኃኒት» ብሎ የሚፈልግ ሰው መፍትሔውን አያገኝም፤ መፍትሔው ያለው ወንፊቱ ጋ ነው። የጋሼ ደግሞ ጫማቸው ውስጥ ነበር።

አሁን ጫማ ከማድረጋቸው በፊት ገልብጠው መሬት ላይ ያንኳኩታል። ማታ ማታ የልጅ ልጃቸው በስልክ መብራት ውስጥ እግራቸውን ታያለች፣ በጣቶቻቸው መሃል ሳይቀር። ሙቅ ውሃው ቀርቷል። ለዚህ ግን አክስቴ ገና አላመነችም፤ ጨው ምን አደረገ ትላለች።

ትናንት ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ እግርዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ዘጠኙም ሰላም ይሉሃል» አሉኝ።