ስልክ በረካ የለውም

እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ የሰፈራችን ልጆች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ታመው 11 ቀን አልጋ ላይ ሲውሉ እኔ አላወቅኩም። የምንለያየው በአንድ አጥር ነው። በረመዳን ማታ ማታ በዚያ አጥር በኩል ሳምቡሳ ይላክልን ነበር፣ በፋሲካ ደግሞ እናቴ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ትልክ ነበር። መታመማቸውን የሰማሁት ጅዳ ያለችው ልጃቸው ፌስቡክ ላይ «ለእናቴ ዱዓ አድርጉልኝ» ብላ ስትጽፍ ነው። የጎረቤቴ ሕመም ባሕር ተሻግሮ፣ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ይባስ ብዬ መጀመሪያ «አላህ ያሽርልን» ብዬ ኮመንት ጻፍኩ፣ ከዚያ ነው ተነስቼ የሄድኩት። ገብቼ ስቀመጥ «ልጄ፣ በሽታው ሳይሆን ቡና አጣጪ ማጣቱ ነው የጎዳኝ» አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝ ሐፍረት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ይሄ የሆነው ደግሞ ጅማ ውስጥ ነው፣ ቡና በበቀለበት አገር! የእኛን በርጩማ ተመልከቱት። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለሦስት እግር፣ ዝቅ ያለ። እሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከጎረቤቱ ጉልበት ይነካካል፣ የሰው ፊት ሳያይ መዋል አይችልም። ከጂሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ሂርማታ ገበያ፣ ይሄ ከተማ ያደገው ሰው ከሰው ፊት ለፊት እየተገናኘ ነው።

ቡና ልክ አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦል ላይ ስለ ገበያ ይወራል፣ ቶና ላይ ስለ ልጆች። በረካ ላይ ግን ሰው ዝም ይልና በሆዱ የያዘውን ያወጣል፤ የተጣላ የሚታረቀው፣ ብር የቸገረው የሚናገረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ ተመራርቀን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ስልክ ግን በረካ የለውም። ድሮ የኢንተርኔት ገጽ ያልቅ ነበር፣ ቀጣዩን ለማየት መጫን ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ጣት በገፋችው ቁጥር ማለቂያ የሌለው ገጽ ሠራ፣ በኋላም ራሱ በይፋ ተጸጸተበት። እናንተ ልጆች ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ የምትቆዩት ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም፤ ነገሩ እንዳያልቅ ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

ስልክ ይጣል አላልኩም። ልጇ አረብ አገር ላለች እናት ቪዲዮ ኮል ትልቅ በረከት ነው፣ እኔም በቴሌግራም ሥራ እሠራለሁ። የሚያሳዝነኝ አጠገባችን ያለው ሰው ተራ ሲያጣ ነው። ለቅሶ ቤት ሄደን አንገታችንን ደፍተን ስልክ ስንነካካ፣ ሐዘንተኛው ማን ጋ ያውራ?

አንዳንድ ወጣቶች «ቡና ላይ ሐሜት ብቻ ነው ያለው» ትሉኛላችሁ። ሐሜት አለ፣ አልክድም፣ እሱንም መተው አለብን። ግን እነዚያ ሰኞ ያሙህ ሰዎች ማክሰኞ ሐዘን ቢደርስብህ ድንኳን ይተክሉልሃል፣ ሌሊቱን አብረውህ ያድራሉ። ኮመንት የጻፈልህ ሰው ግን ቤትህን እንኳ አያውቀውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ጀበና ሲጣድ ስልኮች በሙሉ መሶብ ውስጥ ይግቡ፣ በረካ ተጠጥቶ ሲያልቅ ይውጡ። ከውጭ ስልክ የሚጠብቅ ካለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠው፣ ሲጠራ ያነሳዋል። የፊታችን እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት በእኛ ግቢ እንጀምራለን። ጎረቤታችን ድነዋል፣ ቡናውንም የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው። በርጩማ ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛ አይበቃም።